ለሥራ ወደ ጀርመን፦ የቪዛውን መንገድ ከመምረጥ እስከ መኖሪያ ፈቃዱ ካርድ ድረስ በቅደም ተከተል

ተቀባይነት ያላገኙ የሥራ ቪዛ ማመልከቻዎችን ከባለቤቶቻቸው ጋር ቁጭ ብዬ ሳገላብጥ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ስህተት አንድ ነው፤ አመልካቹ የጀመረው ከቅጹ ነው። ቅጹን ሞልቶ፣ ቀጠሮ ይዞ፣ ክፍያውን ከፈጸመ በኋላ ዲግሪው በጀርመን ሕግ ምን ተብሎ እንደሚቆጠር ሲጠየቅ መልስ ያጣል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ሥራው በተግባር መሠራት ባለበት ቅደም ተከተል ስለሆነ አንዱን ደረጃ ሳይጨርሱ ወደሚቀጥለው አይለፉ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። የገንዘብ መጠኖቹ የ2025 ናቸው፤ የደመወዝ ወለሎቹ በየጃንዋሪው ስለሚለወጡ ከማመልከትዎ በፊት የጀርመን መንግሥት «ሜክ ኢት ኢን ጀርመኒ» በተሰኘው ይፋዊ ድረ ገጹ ያወጣውን የዓመቱን ቁጥር ያረጋግጡ።

ደረጃ 1፦ ሙያዎ በጀርመን ምን ተብሎ እንደሚቆጠር ይወቁ

ሙሉ ፋይሉ የሚቆመው በዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ይስጡት።

1.1 ሙያዎ ፈቃድ የሚጠይቅ መሆን አለመሆኑን ይለዩ። ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስትና የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ያለ ሙያ ፈቃድ ሊሠሩ አይችሉም። የሶፍትዌር ባለሙያ፣ የሒሳብ ባለሙያ ወይም የገበያ ጥናት ባለሙያ ግን የሙያ ፈቃድ አያስፈልገውም። ሙያዎ ከመጀመሪያው ወገን ከሆነ ማመልከቻዎ ወደ ቪዛ ቢሮ ከመሄዱ በፊት ሊሠሩበት ወዳሰቡት ክፍለ ግዛት የሙያ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት መሄድ አለበት። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚመለከትዎ «አነርከኑንግ ኢን ዶይችላንድ» በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የሙያዎን ስምና ከተማውን በማስገባት ያገኛሉ።

1.2 የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ካለዎት «አናቢን» የተባለውን የመረጃ ቋት ይክፈቱ። ሁለት ነገሮችን ለየብቻ መፈለግ አለብዎት፤ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲውን፣ ቀጥሎ ደግሞ የዲግሪውን ዓይነት። ብዙ ሰው የዩኒቨርሲቲውን ብቻ አትሞ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ «ኤች+» የሚል ምልክት ካለ ተቋሙ እውቅና አለው ማለት ነው። በዲግሪው ገጽ ላይ ደግሞ «እንትሽፕሪሽት» ወይም «ግላይሽቬርቲግ» የሚለው ቃል መገኘት አለበት፤ ሁለቱም ከጀርመኑ ዲግሪ ጋር አቻ መሆኑን ይናገራሉ። «ቤዲንግት ፈርግላይሽባር» የሚል ከሆነ አቻነቱ በከፊል ስለሆነ ብቻውን አይበቃም። ሁለቱን ገጾች ሙሉ በሙሉ አትመው በፋይልዎ ውስጥ ያስቀምጡ።

1.3 ዲግሪዎ በአናቢን ላይ ካልተገኘ ወይም ዩኒቨርሲቲው «ኤች+/-» የሚል ምልክት ካለው አይደንግጡ። «ዛብ» በሚል ምህጻር የሚታወቀው የውጭ አገር ትምህርት ማዕከላዊ ጽሕፈት ቤት ዲግሪውን በተናጠል መርምሮ የአቻነት መግለጫ ይሰጣል። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይገባል፤ የመጀመሪያው መግለጫ ክፍያ 208 ዩሮ ነው። ሥራ ፍለጋ ከመጀመርዎ በፊት ይህን ማመልከቻ ያስገቡ፤ ቀጣሪ ካገኙ በኋላ ለዚህ ወረቀት የሚያልፉት ሳምንታት ናቸው ውሉን የሚያሳጡት። «ኤች-» ከሆነ ግን ተቋሙ እውቅና ስለሌለው በዲግሪው ላይ የተመሠረተ መንገድ ተዘግቷል፤ በደረጃ 2 ላይ ስለ ሥራ ልምድ የተጻፈውን ይመልከቱ።

1.4 የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ካለዎት አቻነቱን የሚመዝነው የሙያው ምክር ቤት ነው። ለኢንዱስትሪና ለንግድ ሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ ኑረምበርግ ያለው «ኢሃካ ፎዛ» ይመለከተዋል፤ የእጅ ሙያዎችን ደግሞ የየአካባቢው የእጅ ሙያ ምክር ቤት ያያል። ውጤቱ ሙሉ አቻነት፣ ከፊል አቻነት ወይም ውድቅ ሊሆን ይችላል። ከፊል አቻነት ማለት መሸነፍ አይደለም፤ የጎደለው ነገር በዝርዝር ተጽፎ ይመጣል፣ በደረጃ 3 ላይ ለሚታየው የዕድል ካርድም ጥሩ ነጥብ ያስገኛል።

ደረጃ 2፦ መንገዱን ይምረጡ

ለአንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት መንገድ ክፍት ሊሆን ይችላል። በጽሑፍ የሥራ ውል ያለው ሰው ከሚከተሉት የመጀመሪያዎቹን ሦስት፣ ውል የሌለው ደግሞ አራተኛውን ይመልከት።

የአውሮፓ ኅብረት ብሉ ካርድ (የጀርመን የመኖሪያ ሕግ አንቀጽ 18ጂ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት አንቀጾችም የዚሁ ሕግ ናቸው)። እውቅና ያለው ዲግሪ፣ ከዲግሪው ጋር የሚመጣጠን ሥራ፣ ቢያንስ የ6 ወር ውል እና በዓመት ቢያንስ 48,300 ዩሮ ያልተጣራ ደመወዝ ይጠይቃል። ሙያው እጥረት ካለባቸው ሙያዎች አንዱ ከሆነ፣ ወይም ዲግሪውን ከያዙ ከ3 ዓመት ያልበለጠ ከሆነ፣ ወለሉ ወደ 43,759.80 ዩሮ ዝቅ ይላል፤ በዚህ ዝቅተኛ ወለል የሚያመለክት ሰው ግን የፌዴራል ሥራ ኤጀንሲውም ይሁንታ ያስፈልገዋል። በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዘርፍ ዲግሪ የሌለው ሰውም ባለፉት 7 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ የ3 ዓመት ተመጣጣኝ የሥራ ልምድ ካለው በዝቅተኛው ወለል ሊያመለክት ይችላል። ለዚህ መንገድ ከበቁ ሌላ አይፈልጉ፤ ለቤተሰብም ሆነ ለቋሚ መኖሪያ ከሁሉ የተሻለው ነው።

የባለሙያ መኖሪያ ፈቃድ (አንቀጽ 18ኤ እና 18ቢ)። ደመወዝዎ ብሉ ካርዱ ላይ ካልደረሰ፣ ሥልጠናዎ ወይም ዲግሪዎ ግን እውቅና ካገኘ ይህን ይያዙ። ከኖቬምበር 2023 ወዲህ ፈቃድ በማይጠይቁ ሙያዎች ሥራው ከተማሩት ትምህርት ጋር በቀጥታ መያያዝ የለበትም፤ የሠለጠነ ሰው የሚጠይቅ ሥራ መሆኑ ይበቃል። ዕድሜያቸው 45 ከሞላ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክቱ ሰዎች ግን በዓመት ቢያንስ 53,130 ዩሮ ደመወዝ ወይም በቂ የጡረታ ዋስትና ማሳየት አለባቸው። ይህን አንቀጽ ሳያውቁ የሚያመለክቱ ሰዎች ስለሚበዙ የልደት ቀንዎን አስቀድመው ያስሉ።

የሥራ ልምድ መንገድ (አንቀጽ 19ሲ)። ዲግሪዎ ወይም ሥልጠናዎ በጀርመን አቻነት ባያገኝም በተገኘበት አገር መንግሥት የታወቀ ከሆነ፣ ሥልጠናው ቢያንስ 2 ዓመት የፈጀ ከሆነ፣ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ የ2 ዓመት ልምድ ካለዎትና ደመወዙ 43,470 ዩሮ ከደረሰ ይህ መንገድ ይከፈታል። የሚሠራው ግን ፈቃድ በማይጠይቁ ሙያዎች ብቻ ነው።

የዕድል ካርድ ወይም «ቻንሰንካርተ» (አንቀጽ 20ኤ)። ከጁን 1 ቀን 2024 ጀምሮ የተከፈተ፣ ጀርመን ገብቶ ሥራ ለመፈለግ እስከ 1 ዓመት የሚሰጥ ፈቃድ ነው። በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት፣ በአንድ ቀጣሪ ዘንድም እስከ 2 ሳምንት የሙከራ ሥራ መሥራት ይፈቅዳል። የነጥብ አቆጣጠሩን በደረጃ 3 ላይ በሰፊው አስቀምጫለሁ።

ከነዚህ ሌላ፣ ከፊል አቻነት ያገኘ ሰው የጎደለውን ሥልጠና ጀርመን ውስጥ እንዲያሟላ የሚፈቅደው አንቀጽ 16ዲ አለ፤ ፈቃድ ለሚጠይቁ ሙያዎች፣ በተለይ ለነርሶች፣ አብዛኛውን ጊዜ መግቢያው በር ይኸው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የ90 ቀን የሸንገን የጉብኝት ቪዛ የሥራ መንገድ አይደለም። «በጉብኝት ግባና እዚያው ትለውጠዋለህ» የሚልዎትን ሰው አይስሙ። ያለ ቪዛ ገብተው እዚያው ማመልከት የሚችሉት እንደ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ብሪታንያ፣ አውስትራሊያ፣ ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ያሉ የጥቂት አገሮች ዜጎች ናቸው። ሌላው ሰው ወጥቶ ከውጭ እንደ አዲስ ማመልከት ይጠበቅበታል።

ደረጃ 3፦ ውሉን ወይም ነጥቡን ይመርምሩ

3.1 ውል ካለዎት፣ ካልኩሌተር ይዘው ይቀመጡ። አንድ ጊዜ ያየሁትን ልናገር። አመልካቹ ከተመረቀ 2 ዓመቱ ነበር፤ ውሉ ላይ «በዓመት 45,000 ዩሮ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከዝቅተኛው የብሉ ካርድ ወለል በላይ ስለሆነ ልቡን ሞልቶ አመለከተ። ዝርዝሩ ሲነበብ ግን የወር ደመወዙ 3,600 ዩሮ ነው፤ በ12 ሲባዛ 43,200 ይመጣል። ቀሪው 1,800 ዩሮ «በውጤት ላይ የተመሠረተ ቦነስ» ነበር። ለወለሉ የሚቆጠረው በእርግጠኝነት የሚከፈለው ገንዘብ እንጂ ሊመጣም ሊቀርም የሚችለው ቦነስ ስላልሆነ ማመልከቻው ወደቀ። ቀጣሪው በወር 47 ዩሮ ጨምሮ 3,647 አድርጎ ቢጽፈው ኖሮ 43,764 ሆኖ ያልፍ ነበር። የእርስዎ ውል በወለሉ ጠርዝ ላይ ከሆነ ቀጣሪውን ከፍ እንዲያደርገው አስቀድመው ይጠይቁ፤ ማመልከቻው ወደ አዲሱ ዓመት ከተሻገረ ወለሉም አብሮ ከፍ ሊል ይችላልና።

3.2 ቀጣሪው «የሥራ ግንኙነት መግለጫ» የተባለውን የፌዴራል ሥራ ኤጀንሲ ቅጽ መሙላት አለበት። ቅጹን ከውሉ ጎን አስቀምጠው አምስት ነገሮችን መስመር በመስመር ያነጻጽሩ፦ የሥራ መደቡ ስም፣ ደመወዝ፣ የሳምንት ሰዓት፣ የሥራ ቦታ፣ ሥራው የሚጀመርበት ቀን። ውሉ 40 ሰዓት፣ ቅጹ 38 ሰዓት የሚል ከሆነ መርማሪው የትኛውን እንደሚያምን አያውቅም፤ እርስዎም ሳምንታት ያጣሉ። ልዩነት ካገኙ በእጅዎ አይሰርዙ፤ ቀጣሪው እንደገና ሞልቶ ይፈርም።

3.3 ጊዜ ከጠበበ ቀጣሪውን ስለ ፈጣኑ ሂደት (አንቀጽ 81ኤ) ይጠይቁ። በእርስዎ ውክልና ቀጣሪው ራሱ ጀርመን ውስጥ ወዳለው የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ያመለክታል፤ ክፍያው 411 ዩሮ ነው። ቢሮው ቅድመ ይሁንታ ከሰጠና ሰነዱ ከደረሰዎ በኋላ ኤምባሲው በ3 ሳምንት ውስጥ ቀጠሮ ይሰጣል፤ የተሟላ ማመልከቻ ከገባ በኋላም ብዙውን ጊዜ በሌላ 3 ሳምንት ውስጥ ይወስናል። ለዕድል ካርድ ግን ይህ ሂደት አይሠራም።

3.4 በዕድል ካርድ የሚያመለክቱ ከሆነ መጀመሪያ መሠረቱን ያሟሉ፦ በተገኘበት አገር የታወቀ ዲግሪ ወይም ቢያንስ የ2 ዓመት ሥልጠና፣ እንዲሁም የኤ1 ደረጃ ጀርመንኛ ወይም የቢ2 ደረጃ እንግሊዝኛ (በአውሮፓ የቋንቋ መለኪያ ኤ1 ዝቅተኛው፣ ሲ2 ከፍተኛው ደረጃ ነው)። ሙሉ አቻነት ያገኘ ባለሙያ ነጥብ መቁጠር አያስፈልገውም። ሌላው ሰው ቢያንስ 6 ነጥብ መሰብሰብ አለበት፤ ነጥቡም እንዲህ ይቆጠራል።

- ከፊል አቻነት፦ 4 ነጥብ።
- ከሙያው ጋር የተያያዘ ልምድ፦ ባለፉት 7 ዓመታት ውስጥ 5 ዓመት ከሆነ 3፣ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ 2 ዓመት ከሆነ 2 ነጥብ።
- ጀርመንኛ፦ ኤ2 ከሆነ 1፣ ቢ1 ከሆነ 2፣ ቢ2 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 3 ነጥብ።
- እንግሊዝኛ፦ ሲ1 ወይም የአፍ መፍቻ ከሆነ 1 ነጥብ።
- ዕድሜ፦ ከ35 ላልበለጠ 2፣ ከ40 ላልበለጠ 1 ነጥብ።
- ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 6 ወር በጀርመን በሕጋዊ መንገድ መኖር፦ 1 ነጥብ።
- እጥረት ያለበት ሙያ፦ 1 ነጥብ።
- የትዳር ጓደኛም መስፈርቱን አሟልቶ አብሮ ሲያመለክት፦ 1 ነጥብ።

የ33 ዓመት ሰው፣ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ የ3 ዓመት ልምድና የሲ1 እንግሊዝኛ ይዞ ቢመጣ 2 እና 2 እና 1፣ በድምሩ 5 ያገኛል። የቀረው 1 ነጥብ የኤ2 ጀርመንኛ ፈተና ነው፤ ጥቂት ወር ማጥናት የሚጠይቅ ነገር ነው። ዕድሜዎን ወይም የሥራ ልምድዎን በአንድ ሌሊት መለወጥ አይችሉም፤ ቋንቋ ግን በእጅዎ ነው። ስለዚህ ነጥቡ ሳይሞላ ከሚያመለክቱ ፈተናውን ይውሰዱ። ልምዱ የሚቆጠረው ትምህርቱ ከተጠናቀቀ በኋላ የተገኘው መሆኑንም አይዘንጉ።

3.5 ለዕድል ካርድ መተዳደሪያ ገንዘብ ያሳዩ። መጠኑ በወር 1,091 ዩሮ ሲሆን ለ12 ወር 13,092 ዩሮ ይሆናል። በብሎክድ አካውንት (በየወሩ የተወሰነ መጠን ብቻ በሚወጣበት የታገደ የባንክ ሂሳብ) ማስቀመጥ፣ ጀርመን ውስጥ የሚኖር ሰው በውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ፊት የሚፈርመውን የዋስትና ግዴታ ማቅረብ፣ ወይም ወጪውን የሚሸፍን የከፊል ሰዓት ሥራ ውል ማሳየት ይቻላል። በተራ የባንክ ሂሳብ ላይ ከማመልከቻው በፊት በድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ጥያቄ ከማስነሳት በቀር አይረዳዎትም።

ደረጃ 4፦ ፋይሉን ያዘጋጁ

ወረቀቶቹን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው እንደ መርማሪ ያንብቧቸው። የሚፈልጉት ነገር አንድ ነው፤ ሁሉም ወረቀት ስለ አንድ ሰው አንድ ዓይነት ነገር መናገሩን።

4.1 ስም። ፓስፖርት፣ ዲግሪ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤና የቋንቋ ምስክር ወረቀት ላይ የስምዎ ፊደል አንድ ዓይነት ነው? በአንዱ ላይ ድርብ ፊደል፣ በሌላው ላይ ነጠላ ፊደል ካለ፣ ወይም የአባት ስም በአንዱ ላይ ከቀረ፣ ሰነዱን የሰጠው አካል እንዲያርመው ወይም ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲሰጥ ያድርጉ። ይህ ሥራ ከተጠበቀው በላይ ጊዜ ስለሚወስድ ከትርጉም በፊት ይጨርሱት፤ የተሳሳተ ስም ተተርጉሞ ሲመጣ ስህተቱ ሁለት ይሆናል።

4.2 ፓስፖርት። ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠ፣ ቢያንስ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። የአገልግሎት ዘመኑ ከ1 ዓመት በታች የቀረው ከሆነ አሁኑኑ ያሳድሱት፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ከፓስፖርቱ ዘመን አያልፍምና።

4.3 የሥራ ልምድ ደብዳቤ። «በድርጅታችን ሠርቷል» የሚል ደብዳቤ ዋጋ የለውም። የጀመሩበትና የለቀቁበት ቀን፣ የሥራ መደብ፣ የሠሩት ሥራ ዝርዝር፣ ሙሉ ሰዓት ወይም ከፊል ሰዓት መሆኑ፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ይጻፍ። የቀድሞ መሥሪያ ቤትዎ ከተዘጋ የቅጥር ውል፣ የደመወዝ ደረሰኝና የግብር ማስረጃ አሰባስበው ያቅርቡ።

4.4 ትርጉም። ሰነዱ በጀርመንኛ ወይም ኤምባሲው በሚቀበለው ሌላ ቋንቋ ካልተጻፈ በተፈቀደለት ተርጓሚ ያስተርጉሙ። የውጭ ሰነድ በአፖስቲል ወይም በሌላ መንገድ መረጋገጥ ይኖርበት እንደሆነ በሚያመለክቱበት ኤምባሲ የሰነድ ዝርዝር ላይ ይመልከቱ፤ አሠራሩ ሰነዱ እንደተሰጠበት አገር ይለያያል። ማረጋገጫው ከተፈለገ መጀመሪያ ማረጋገጫው፣ ከዚያ ትርጉሙ ይሁን፤ ማኅተሙም መተርጎም አለበት።

4.5 የቋንቋ ምስክር ወረቀት። የጀርመንኛው ከጎተ ኢንስቲትዩት፣ ከቴልክ ወይም ከኦኤስዲ የተሰጠ ይሁን። የሠፈር ቋንቋ ትምህርት ቤት የሚሰጠው የመጨረስ ወረቀት ፈተና ስላልሆነ አይቆጠርም።

4.6 የጤና መድን። ሥራ ከጀመሩበት ቀን ወዲህ ቀጣሪው በሕዝባዊ የጤና መድን ያስመዘግብዎታል፤ ከመግቢያው ቀን እስከ ሥራው መጀመሪያ ያለውን ክፍተት ግን በራስዎ መድን መሸፈን አለብዎት።

ደረጃ 5፦ ማመልከቻውን ያስገቡ

ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የጀርመን የረጅም ጊዜ ቪዛ ማመልከቻ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የቆንስላ አገልግሎት ፖርታል በኩል በኢንተርኔት ይገባል። በፖርታሉ ላይ የሚጠየቁትን ጥያቄዎች ሲመልሱ ሥርዓቱ ወደ ትክክለኛው የቪዛ ዓይነት ይመራዎታል። እዚህ ላይ በደረጃ 2 የመረጡትን መንገድ መያዝዎን ያረጋግጡ። ሰነዶቹን አንድ በአንድ፣ ጥርት ባለ ስካን፣ የወረቀቱ አራት ማዕዘን እንዲታይ አድርገው ይጫኑ። የስልክ ፎቶ ላይ ጥላ ያረፈበት ማኅተም ብዙ ፋይል መልሷል።

ፋይሉ ከታየና እንደተሟላ ከተነገረዎት በኋላ ቀጠሮ ይሰጥዎታል፤ በዚያ ቀን ዋናዎቹን ሰነዶች ያሳያሉ፣ የጣት አሻራ ይሰጣሉ፣ 75 ዩሮ ይከፍላሉ። ቃለ ጥያቄ ካለ የሚጠየቁት ስለ ሥራዎ ነው፦ ቀጣሪውን እንዴት አገኙት፣ ሥራው ምንድን ነው፣ የት ይኖራሉ? በራስዎ ቃል ይመልሱ። የተሸመደደ መልስ ያስታውቃል፤ ፋይሉም ባለቤቱ በማያውቀው ነገር የተሞላ ያስመስለዋል።

ማስጠንቀቂያ ስለ ደላላ፦ የኤምባሲ ቀጠሮ አይሸጥም፤ ቪዛንም ማንም ዋስትና ሊሰጥበት አይችልም። ለሥራ ውል ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ «ቀጣሪ» ካጋጠመዎት የኩባንያውን ስም በጀርመን የንግድ መዝገብ ላይ ይፈልጉ፤ በመዝገቡ ላይ ባለው አድራሻ በኩልም ራስዎ ደውለው ይጠይቁ። ሐሰተኛ ሰነድ ያስገባ ሰው የሚያጣው ይህን ቪዛ ብቻ አይደለም፤ ቀጣዮቹ ማመልከቻዎችም በዚያ ጥላ ሥር ይታያሉ።

ውጤቱ እምቢታ ከሆነ

የእምቢታ ደብዳቤውን ቀን ይመዝግቡ፤ ምክንያቱንም ቃል በቃል ያንብቡ። ቀድሞ ለኤምባሲው ራሱ የሚቀርብ «ሬሞንስትራሲዮን» የተባለ የቅሬታ ሂደት ነበር፤ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። አሮጌ መመሪያ ይዘው ቅሬታ ሲጽፉ ጊዜ የሚያቃጥሉ ሰዎች ስላሉ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። አሁን ሁለት መንገድ አለ። ጉድለቱ ሰነድ ከሆነ፣ ጉድለቱን ሞልተው አዲስ ማመልከቻ ያስገቡ፤ የጊዜ ገደብ የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜም ይህ ይፈጥናል። ሰነዱ ተሟልቶ ሕጉ በስህተት ተተርጉሟል ብለው ካመኑ፣ ደብዳቤው በደረሰዎ በ1 ወር ውስጥ በበርሊን አስተዳደር ፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላሉ፤ ለዚህ የኢሚግሬሽን ሕግ ጠበቃ ያማክሩ።

ከውሳኔው በፊት «ይህን ሰነድ ጨምር» የሚል መልእክት ከመጣ ደግሞ ዕድል ነው፤ በተሰጠው ቀን ውስጥ ይመልሱ። ሰነዱ በቀኑ ካልደረሰልዎ ዝም አይበሉ፤ ማመልከትዎን የሚያሳይ ደረሰኝ ልከው ቀኑ እንዲራዘም ይጠይቁ።

ደረጃ 6፦ ጀርመን እንደገቡ

ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው ቪዛ መግቢያ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ካርድ የሚገኘው ጀርመን ውስጥ ነው። ቪዛው ሲሰጥዎ ስምዎን፣ ቀኖቹን እና የሥራውን ማስታወሻ እዚያው ቆመው ያንብቡ፤ ስህተት ካለ ከመብረርዎ በፊት ያሳርሙ።

6.1 ቤት ከገቡ በ2 ሳምንት ውስጥ የመኖሪያ አድራሻዎን በነዋሪዎች ምዝገባ ቢሮ ያስመዝግቡ። ፓስፖርትና አከራዩ የፈረመው የመግቢያ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። የኪራይ ውል ብቻ ይዘው ከሄዱ ይመልሱዎታል። አከራዩ ማረጋገጫውን አልሰጥም ካለ ሕግ የሚያስገድደው መሆኑን ያሳውቁት፤ እምቢታውን ለምዝገባ ቢሮው ይንገሩ። ቤት ሲከራዩም «መመዝገብ ይቻላል ወይ?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ።

6.2 በዚያው ቀን ስምዎን በፖስታ ሳጥኑ ላይ ይለጥፉ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ጀርመን ውስጥ ፖስተኛው የሚያደርሰው በሳጥኑ ላይ ባለው ስም ነው። ባለ 11 አኃዙ የግብር መለያ ቁጥር፣ የጤና መድን ካርድና የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ደብዳቤ የሚመጡት በፖስታ ነው። አንድ የማውቀው ሰው ሳጥኑ ላይ የቀድሞው ተከራይ ስም ብቻ ስለነበር የግብር ቁጥሩ ያለበት ደብዳቤ ተመልሶ ሄደ፤ የመጀመሪያ ደመወዙም በከፍተኛው የግብር መደብ ተቆርጦ ተከፈለው።

6.3 ወዲያው ከውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ቀጠሮ ይጠይቁ። በትልልቅ ከተሞች ቀጠሮ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ቪዛው እስኪያልቅ አይጠብቁ። ዋናው ደንብ ማመልከቻው ቪዛው ከማለቁ በፊት መግባት አለበት የሚል ነው። በጊዜው ካመለከቱ የቀድሞው ፈቃድ ውሳኔ እስኪሰጥ እንደጸና ይቆጠራል፤ ለዚህም «ፊክሲዮንስበሻይኒጉንግ» የተባለ ጊዜያዊ ማረጋገጫ ይሰጣል። ቀጠሮ ካላገኙ በኢንተርኔት ወይም በኢሜይል ያመልክቱ፤ የላኩበትን ቀን የሚያሳየውን መልስ አትመው ያስቀምጡ። ያ ወረቀት በቀጣሪዎ ዘንድ ሥራዎን ሊያድን ይችላል።

6.4 ለቀጠሮው ፓስፖርት፣ የምዝገባ ወረቀት፣ የኪራይ ውል፣ የሥራ ውል፣ የቅርብ ደመወዝ ደረሰኝና የጤና መድን ማረጋገጫ ይያዙ። ከሜይ 2025 ጀምሮ ለካርዱ የወረቀት ፎቶ ቀርቶ ዲጂታል ፎቶ ስለሚጠየቅ በተፈቀደለት ፎቶ ቤት ወይም በቢሮው መሣሪያ ይነሡ። ካርዱ በሳምንታት ውስጥ ተሠርቶ ሲመጣ አብሮት የሚሰጠውን አረንጓዴ ተጨማሪ ወረቀት ያንብቡ፤ በየትኛው ቀጣሪ ዘንድ፣ በምን ሥራ ላይ መሥራት እንደሚችሉ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው።

ደረጃ 7፦ ፈቃዱን ሳያጡ መቆየት

ሥራ ለመቀየር ሲያስቡ አዲሱን ውል ከመፈረምዎ በፊት ተጨማሪውን ወረቀት እንደገና ያውጡ። የብሉ ካርድ ባለቤት በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ውስጥ ቀጣሪ ሲቀይር ለቢሮው ማሳወቅ አለበት፤ ቢሮውም ለውጡን ለ30 ቀን አግዶ ሊመረምር ይችላል። በአንቀጽ 18ኤ ወይም 18ቢ የገባ ሰው ፈቃዱ ለተወሰነ ቀጣሪ ከሆነ አስቀድሞ ይሁንታ ማግኘት አለበት።

ሥራው ከተጠበቀው ቀድሞ ከተቋረጠ ይህን ባወቁ በ2 ሳምንት ውስጥ ለውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮው በጽሑፍ ያሳውቁ። ብዙ ሰው በፍርሃት ይደብቃል፤ ቀጣሪው ግን በበኩሉ የማሳወቅ ግዴታ ስላለበት ቢሮው ማወቁ አይቀርም። በጊዜው ያሳወቀ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ሥራ መፈለጊያ ጊዜ ይሰጠዋል።

ከጀርመን ውጭ ያለማቋረጥ ከ6 ወር በላይ መቆየት ተራውን የመኖሪያ ፈቃድ ያስቀራል፤ ለብሉ ካርድ ገደቡ 12 ወር ነው። ረጅም የቤተሰብ ጉዳይ ከገጠመዎት ከመውጣትዎ በፊት ቢሮውን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ለቋሚ መኖሪያ የሚቆጠረው ጊዜ እንደ መንገዱ ይለያያል። የብሉ ካርድ ባለቤት ከ27 ወር በኋላ በኤ1 ጀርመንኛ፣ ከ21 ወር በኋላ ደግሞ በቢ1 ጀርመንኛ ማመልከት ይችላል። በአንቀጽ 18ኤና 18ቢ ያለ ባለሙያ ከ3 ዓመት በኋላ፣ የ36 ወር የጡረታ መዋጮና የቢ1 ጀርመንኛ ይዞ ያመለክታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደመወዝ ደረሰኝ ሲመጣ አንድ ፋይል ይክፈቱ፤ የየወሩን ደረሰኝ፣ የጡረታ ድርጅቱ የሚልከውን የመዋጮ መግለጫና የኪራይ ውሎችን በቀን ቅደም ተከተል ያስቀምጡበት። 21ኛው ወር ሲሞላ የሚጠየቁት እነዚህኑ ወረቀቶች ነው።